ከዊንዘር ለእማዬ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ቅዳሜ ከለንደን በባቡር ዊንዘር ሄጄ ነበር። ለአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ለልዑል ዓለማየሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ስሙ በተነሳ ቁጥር «ምስኪን፣ እናት አልባ ልጅ» እያልሽ ከንፈርሽን ትመጪ አልነበር? ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስሙ የናስ ሰሌዳ አለ፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ይላል። በ18 ዓመቱ እኮ ነው የሞተው። ቆሜ አለቀስኩ።

እዚያው ደግሞ አንድ የእምነበረድ ሐውልት አየሁና እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። የሴት አስከሬን ነው፣ ከራስ እስከ እግር በአንሶላ የተሸፈነ። ጣቶቿ ብቻ ከጨርቁ ሥር ብቅ ብለዋል። ድንጋይ መሆኑን እያወቅኩ ላለብሳት እጄን ሰደድኩ። ከላይ መልአክ ጨቅላዋን ታቅፏል።

ልዕልት ሻርሎት ትባላለች፤ ከአባቷ ቀጥላ የእንግሊዝን ዙፋን የምትወርስ ነበረች። አባቷ ለሆላንዱ ልዑል ሊድራት አስቦ እሷ እጮኝነቱን አፈረሰች፣ በፈረንጆቹ 1814 አባቷ ሊቀጣት ሲል ከቤት ሮጣ ወጥታ በኪራይ ሰረገላ እናቷ ቤት ገባች። ጎበዝ! በ1816 የወደደችውን የጀርመን ልዑል ሊዮፖልድን አገባች።

ትዳሯ ግን ዓመት ተመንፈቅ ብቻ ሆነ። ነፍሰ ጡር ሳለች ሐኪሞቹ ምግቧን ቀንሰው ጭራሽ ደሟን ያፈሱ ነበር፤ ይሄን ሳነብ ብግን አልኩ። በኖቬምበር 1817 ሃምሳ ሰዓት አማጠች። ወንድ ልጇ ሞቶ ተወለደ፣ እሷም በዚያው ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ አረፈች። 21 ዓመቷ ነበር። በየሱቁ ጥቁር ጨርቅ እስኪጠፋ ድረስ ነው ሕዝቡ ያዘነላት፤ ሐውልቷም ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ ተሠራ። አዋላጅ ሐኪሟ በሦስት ወሩ ራሱን አጠፋ፣ እሱም ያሳዝናል።

ወራሽ ሲጠፋ አጎቶቿ ለማግባት ተሯሯጡ። ንግሥት ቪክቶሪያ የተወለደችው ከዚያ ነው፣ ያችው ዓለማየሁን እዚያ ያስቀበረችው።

እማዬ፣ እኔን ስትወልጂ ሁለት ቀን አምጠሽ፣ ጎረቤቱ «ማርያም ማርያም» እያለ ደጅ እንዳደረ አክስቴ ነግራኛለች። አንቺ አንድም ቀን አላወራሽልኝም። እሁድ ስደውል ንገሪኝ፣ ሁሉንም።

ናፋቂሽ ልጅሽ