ለአባቴ እግር መንገድ የከፈተ ነጭ መስመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አባቴ ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም ከያዛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል። ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ነው የምንኖረው። ጠዋት ከመኝታ ቤት ሲወጡ በሩ ላይ ድርቅ ይሉ ነበር። እግራቸው ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ይመስላል። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ፊታቸው ላብ በላብ ይሆናል። እኛ ደግሞ «አይዞዎት አባባ፣ ይራመዱ!» እያልን እንጎትታቸዋለን። ጥፋታችን እሱ ነበር፤ ሲጎተቱ ሚዛናቸውን ይስታሉ።

የሚገርመው፣ ደረጃ ሲወጡ ደህና ነበሩ። በዚህ ሕመም አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ እርምጃ እንደ ድሮው ሳያስቡት አይመጣም። ዓይን የሚሻገረውን ነገር ሲያይ ግን አንጎል በሌላ መንገድ እግርን ማዘዝ ይችላል።

ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በአግድም ለጠፍን። ርቀቱን በራሳቸው እርምጃ ለካን። አባባ የመጀመሪያውን መስመር ትኩር ብለው አዩት። ቀኝ እግራቸውን አነሱና ተሻገሩት። ቀጥሎ ሁለተኛውን። እናቴ እልል አለች።

ይህ ዘዴ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፤ መድኃኒትንም አይተካም። ጫፉ የተነሳ ፕላስተር ደግሞ ያደናቅፋልና በየጊዜው መታየት አለበት። ፒያሳ ስንወጣ መስመር ስለሌለ እግሬን ከፊታቸው አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እሱን ተሻግረው ይቀጥላሉ።

እባካችሁ ይህን አውጡልን። የከተማችን ጤና ተቋማትም ለእነዚህ ሕሙማን ኮሪደራቸው ላይ መስመር ያስምሩ። የሚፈጀው ጥቂት ቀለም ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከጎንደር