ባክአፕ ሲጀመር ለሚጠፋ ኮምፒውተር «ፎርማት አድርገው» አይባልም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ፣ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) ማድረግ በጀመረ ቁጥር ኮምፒውተሩ ለሚጠፋበት አንባቢ «ፕሮግራሙን አውጣው፤ ኤክስተርናሉን ፎርማት አድርገው፤ ዊንዶውስንም እንደ አዲስ ጫን» የሚል ምክር ሰጥታችኋል። ምክሩ በቅንነት እንደተሰጠ አንጠራጠርም። ነገር ግን አንባቢው የተባለውን ቢፈጽም ያለውን ፋይል ሁሉ በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን የቀድሞ ባክአፕ ፎርማቱ ያጠፋዋል። የውስጡ ዲስክ መድከም ጀምሮ ከሆነ ደግሞ አዲስ የሚጫነው ዊንዶውስ በቀረው ፋይል ላይ ይጻፍበታል። በጥገናና በዳታ ማዳን ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ይህ ማስተካከያ እንዲወጣልን እንጠይቃለን።

በዘወትር ሥራ ኮምፒውተር ከዲስኩ የሚያነበው ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው። ለዓመታት ያልተከፈተ የፎቶ ፎልደር ያረፈበት ቦታ ቢበላሽ ማንም ልብ አይለውም። ባክአፕ ግን ሁሉንም ያነባል፣ ይጨምቃል፣ በዩኤስቢ ያሻግራል። ዲስኩ፣ ራሙ፣ ፕሮሰሰሩና ፓወር ሰፕላዩ ሳያርፉ ለሰዓታት አብረው የሚሠሩት ያኔ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ የነበረን ብልሽት አጋለጠ እንጂ አልፈጠረም።

ከምርመራው በፊት ግን ፋይሉ ይትረፍ። ባክአፑን ደጋግሞ መሞከር ይቁም። ሊተኩ የማይችሉት ፋይሎች ማለትም ሰነዶችና ፎቶዎች፣ በትንንሽ ፎልደር እየተከፈሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ በእጅ ይገልበጡ። አንድ ፎልደር ላይ ከደረቀ እሱን ዘሎ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ይህ ሳያልቅ ቼክዲስክን (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ) በጥገና ትእዛዝ ማስኬድ አይገባም፤ የደከመን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እያስነበበ ድካሙን ሊያባብሰው ይችላል።

ቀጥሎ አጠፋፉን ማስተዋል ያስፈልጋል። በአንድ አፍታ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ኮምፒውተር ጥርጣሬውን ወደ ኃይል አቅርቦት ወይም ወደ ሙቀት ይመራል። ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳይ ከሆነ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ወይም ራም ይጠረጠራል። ሳይጠፋ ስታክ አድርጎ የሚቀር፣ ማውሱ እንኳ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ማንበብ ያቃተውን ቦታ ደጋግሞ እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊው ስክሪን ሳይነበብ የሚያልፈው ዊንዶውስ ራሱን ስለሚያስነሳ ነው። በሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ፣ ከዚያም ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ተገብቶ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው የምርጫ ምልክት ይሰረዝ፤ ያኔ ጽሑፉን ማንበብም በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል።

ጥፋቱን ለሁለት የሚከፍለው ፈተና ቀላል ነው፦ የባክአፕ ፕሮግራሙን ዘግቶ 20 ጊጋባይት ያህል ፋይል ወደ ኤክስተርናሉ በእጅ መገልበጥ። በዚህም ከጠፋ ፕሮግራሙ ነጻ ነው። በሰላም ከተገለበጠ ደግሞ ያው ባክአፕ ወደ ሌላ ዲስክ ይሞከር።

በእጅ ሲገለበጥም ከጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ኬብልና ኃይል ነው። የዩኤስቢ 2 ፖርት በደረጃው 500 ሚሊአምፒር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር 1 አምፒር ገደማ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የራሱ አዳፕተር የሌለው ሀብ (የዩኤስቢ ፖርት ማባዣ) ላይ፣ ረጅምና ቀጭን ኬብል ላይ፣ ወይም በኬዙ ፊት ለፊት ባለው ፖርት ላይ ሲሰካ ይንገዳገዳል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ፣ ወይም ዊንዶውስ ዲስክ ሲነቀልና ሲሰካ የሚያሰማው ድምፅ መደጋገሙ የዚህ ምልክት ነው፤ ዲስኩ ራሱ ሲሞትም እንዲሁ ጠቅ ሊል ስለሚችል ግን አጭር ኬብል ተጠቅሞ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ፖርት ሰክቶ ማወዳደር ይገባል። ባለ 3.5 ኢንቹ በራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ስለሚሠራ እዚያ የሚቀየረው አዳፕተሩ ነው። በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ያለው የዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድም ይጥፋ፤ ሥራ የፈታ የመሰለውን ዲስክ ያስተኛዋል።

ዊንዶውስ የገጠመውን በቁጥር የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪውወር ብዙ ይናገራል፣ ሲስተም በሚለው ስር። ብዙዎች ቁጥር 41ን አይተው ምክንያቱን ያገኙ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ የሚመዘግብ ነው። ፍሬው ያለው ከእሱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው። 7 ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ መኖሩን፣ 153 ንባቡ ወይም ጽሕፈቱ እንደገና መሞከሩን፣ 129 ዲስኩ መልስ አልሰጥ ብሎ ሪሴት መደረጉን፣ 157 ደግሞ ሳይታሰብ መነቀሉን ይነግራሉ። 157 ካለ ወደ ኬብሉና ወደ ኃይሉ መመለስ ነው። 7 ካለ የትኛው ዲስክ እንደሆነ መለየት የግድ ነው፤ ብዙ ሰው ኤክስተርናሉን ሲወቅስ የሚሞተው የውስጡ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ለማረጋገጥ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም የሁለቱንም ዲስኮች ስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘውን መዝገብ) ማየት ይቻላል፤ አንዳንድ የኤክስተርናል መያዣ ግን መረጃውን አያሳልፍም። ሃርድ ዲስክ ላይ የሚታዩት የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩት መስመሮች 5፣ 197 እና 198 ናቸው። 197 ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው፤ በየቀኑ የሚጨምር ከሆነ ለመቀየር መዘግየት አያስፈልግም። 199 ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ዲስኩ ደህና ሆኖ የመረጃው ኬብል ሊሆን ይችላል፤ በርካሽ የሚፈታ ነው።

ፕሮግራሙ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሁለት የባክአፕ ፕሮግራሞች አብረው ሲጫኑ፣ ወይም የቀድሞው ከወጣ በኋላ ድራይቨሩ ሲቀር፣ በአንድ ዲስክ ላይ ይጋጫሉ። የቀድሞውን በአምራቹ ማጽጃ ማውጣት፣ የቀረውን ወደ አዲሱ እትም ማሻሻል፣ አንቲቫይረሱም የባክአፕ ፎልደሩን እንዳይፈትሽ ማድረግ ይበቃል። ሰማያዊው ስክሪን በየጊዜው የተለያየ ምክንያት የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ራሙ በሜምቴስት 86 (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) ሌሊቱን ይፈተሽ፤ አንዲት ስህተት እንኳ ከተገኘች ራሙ ወይም አቀማመጡ ችግር አለበት። ሙቀትን በተመለከተ አቧራን ማራገፍና ፋኑ መዞሩን ማየት ነው።

እንደ ብልሽት የሚቆጠሩ ግን ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። በፋት 32 (የቆየ የፎርማት ዓይነት) የተዘጋጀ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ባክአፑ እዚያ ይቆማል። እንዲሁም ብዙዎቹ ትንንሽ ኤክስተርናሎች ረጅም ጽሕፈት ሲበዛባቸው ፍጥነታቸው እጅግ ይወርዳል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሳይነቅሉ መጠበቅ ይሻላል።

ሁሉም ተስተካክሎ ባክአፑ ካለቀ በኋላ የተወሰኑ ፋይሎች ወደ ሌላ ፎልደር ተመልሰው ተከፍተው ይታዩ። ከዚያም ዲስኩ በአግባቡ ኢጄክት ተደርጎ ይነቀል፤ ተሰክቶ የሚኖር ባክአፕ ዋናውን ኮምፒውተር የሚያገኘው ቫይረስም የኃይል መዋዠቅም ያገኘዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች