ከችግኙ በፊት አፈሩ ይመርመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ብርድ የለባትም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ፈልጎ አረፍ ለማለት ያለው ምርጫ ካፌ ገብቶ መክፈል ወይም ቤት መመለስ ነው። ልጆችም ኳስ የሚያንከባልሉት መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ሥራ ያቆሙ ወርክሾፖች፣ የድሮ መጋዘኖችና ጦም ያደሩ የፋብሪካ ቦታዎች የሕዝብ መናፈሻ ይሁኑ የሚለውን ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አፈሩ ሳይመረመር ችግኝ አይተከልበት።

በሰፈራችን ድሮ መኪና ይጠገንበት የነበረ ግቢ አለ። የተቃጠለ ዘይት ለዓመታት መሬቱ ላይ ሲደፋ ኖሯል። ጥግ ላይ የተሰባበረ የመኪና ባትሪ ተከምሯል። ዝናብ ካባራ በኋላ ባቆረው ውሃ ላይ ዘይቱ ቀለም እየቀያየረ ሲንሳፈፍ ይታያል። የሰፈሩ ልጆች እዚያው ብይ ይጫወታሉ። ብይ የሚጫወት ልጅ እጁ አፈር በአፈር ነው፤ በዚያው እጁ ደግሞ ዳቦ ይበላል። ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባለው ብረት የልጅን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ እርሳስ ጉዳት አያደርስም የሚባልበት መጠን እንደማይታወቅ ደጋግሞ ተናግሯል።

እንዲህ ያለውን ግቢ ጠርጎ፣ ቀይ አፈር ደፍቶ፣ ሳር ተክሎና አግዳሚ ወንበር ደርድሮ ማስመረቅ ጊዜ አይፈጅም። ፎቶውም ያምራል። ከሥር ያለው ግን እዚያው ነው።

ብክለት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዘይትና ናፍጣ አፈር ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሊበላ ይችላል። አፈሩን እያገላበጡ አየር፣ እርጥበትና ማዳበሪያ ከሰጡት በጊዜ ብዛት ይቀንሳል። እርሳስና ክሮሚየም የሚባለው ሌላ ብረት ግን አይበሰብሱም። መቶ ዓመት ቢቆዩም ያው ናቸው። እነሱን ወይ ቆፍሮ ማውጣት ነው፣ ወይ ከሰውና ከዝናብ ውሃ እንዳይገናኙ አድርጎ መክደን ነው። ክሮሚየም ለቆዳ ማልፊያ ስለሚውል የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ባረፈበት መሬት ሁሉ መፈለግ አለበት። እሱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አፈር ይዞ የመቅረት ጠባይ አለው። ሁለተኛው፣ ባለሙያዎች ክሮሚየም ስድስት የሚሉት፣ በውሃ የሚሟሟና ካንሰር የሚያመጣ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪው ጥቅል መጠኑን ብቻ ነግሮን ዝም ሊል አይገባም። ሁለቱን ለይቶ ይንገረን።

ይህ የመናፈሻውን አጥር ተሻግሮ የሚሄድ ጉዳይ ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ፣ በእኛ አልፎ ወደ ሐርቡና ከሚሴ ይሄዳል። በውሃው አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ። ከብት የሚያጠጣ አለ። በክረምት ጎርፍ ከአንድ ግቢ የታጠበ አፈር መድረሻው እዚያ ነው።

በሌላ አገር የሆነውን ልጥቀስ። አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ሐይቅ ዳር ከድንጋይ ከሰል ጋዝ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ሥራ አቆመ፤ ከተማው መሬቱን ገዝቶ በ1975 መናፈሻ አድርጎ ከፈተው። ንድፉን የሠራው ሪቻርድ ሃግ አሮጌዎቹን ማማዎች አላፈረሰም። አፈሩንም ከሰጋቱራና ከፍሳሽ ዝቃጭ ጋር እያደባለቀ ዘይቱን በተሕዋስያን ለማስበላት ሞከረ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነው፤ ዛሬም ብዙ ከተሞች ይማሩበታል። ይሁን እንጂ በ1984 በተደረገ ምርመራ አፈሩ ውስጥ ጎጂ ኬሚካሎች ተገኙና መናፈሻው ለጊዜው ተዘጋ። ከዚያም በኋላ ገና ብዙ የጽዳት ሥራ ቀርቶት ነበር። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ከተማ ከፍቶ መዝጋት ከደረሰበት፣ እኛ አስቀድመን ብንመረምር ይሻለናል።

መክደን የሚያስፈልግ ከሆነም ወጉ ይጠበቅ። ንጹሕ አፈሩ ወፍራም ይሁን። ከሥሩ ደግሞ ቀለሙ ከሩቅ የሚለይ ንጣፍ ይነጠፍ። ነገ የውሃ ቧንቧ ሊቀብር የሚቆፍር ሠራተኛ ንጣፉን ሲያይ ያቆማል። አለበለዚያ በአንድ ቀን ቁፋሮ የተቀበረው ሁሉ ተመልሶ ላይ ይወጣል።

የሳሩ ነገር ደግሞ ይታሰብበት። በእኛ ከተማ የታጨደ ሳር አይጣልም። ለላም ይወሰዳል፣ ለበዓልም ቤት ይጎዘጎዛል። አጥር ከላላ ፍየል ራሷ ገብታ ትበላዋለች። ቬቲቨርን የመሰለ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ሳር አፈር በመያዝ የታወቀ ነው፤ ቢተከል ደስ ይለኛል። ግን እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያለ ጎጂ ብረት ካለበት አፈር የታጨደ ሳር ለከብት መሰጠት የለበትም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚበላ ፍሬም ጎመንም አይተከል። ይህን ለጥበቃውና ለአትክልተኛው ከመጀመሪያው ቀን መንገር ያስፈልጋል።

ወጪውን ማን ይሸፍን? ሕጉ መልስ አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት ነው። ባለቤቱ ጠፍቶ ከሆነ ከተማው ይሸከመው። ያኔም ቢሆን ቀድሞ ማን ምን ይሠራበት እንደነበር ይጣራ። እዚያ የሠሩ አባቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ዘይቱ የት ይደፋ እንደነበር፣ ዝቃጩ የት እንደተቀበረ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ናሙና የሚወስደው ሰው መጀመሪያ እነሱን ይጠይቅ።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ደጃችን ነው። ተማሪዎቹና መምህራኑ በናሙናው ሥራ ቢሳተፉ ለሁላችንም ይበጃል። ውጤቱ ግን ቢሮ ውስጥ ፋይል ሆኖ እንዳይቀር። በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በቀበሌውና በመናፈሻው በር ላይ ይለጠፍ፤ ምን ተገኘ፣ የት ጥልቀት ላይ፣ ምን ተደረገ።

የዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ላስቸግር። በደሴም በኮምቦልቻም ለመናፈሻ ከታሰቡት ቦታዎች መካከል አፈሩ የተመረመረው የትኛው እንደሆነ የከተሞቹን አስተዳደሮች ጠይቁልን፤ መልሳቸውንም ስም በስም አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
የኮምቦልቻ ነዋሪ