የ12ኛ ክፍል ልጆች ወላጆች፦ ቅዳሜ ስለ ኮሌጅ ማመልከቻ እንገናኝ

ሰላም ውድ ወላጆች፣

ልጆቻችን የሚያመለክቱባቸውን ኮሌጆች ከልብ እንደሚፈልጓቸው እንዴት እንደሚያሳዩ ለመነጋገር የፊታችን ቅዳሜ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 2፡00፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ። ልጆቹም ይምጡ።

አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪው ግቢውን መጎብኘቱን፣ በኦንላይን ገለጻ መካፈሉን፣ ኢሜይላቸውን መክፈቱን ሳይቀር ይመዘግባሉ። ሃርቫርድና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ግን ይህን አይቆጥሩም፤ ለዚህ ብላችሁ የአውሮፕላን ትኬት አትግዙ። የትኛው እንደሚቆጥር ኮሌጆች ስለ ራሳቸው በሚያወጡት «ኮመን ዳታ ሴት» በሚባለው ሰነድ ክፍል ሲ7 ላይ ተጽፏል፤ አብረን እንከፍተዋለን።

ባለፈው ዓመት የእኔ ልጅ ለማመልከቻ የከፈተችውን ኢሜይል ለሳምንታት ሳታየው ቆይታ፣ የቃለ መጠይቅ ግብዣ ቀኑ አልፎበት አገኘነው። ቁጭቱ እስካሁን አልወጣልኝም። እባካችሁ ዛሬ ማታ ስፓሙን ጭምር አብራችሁ እዩ። መልሱን ግን ልጁ ራሱ ይጻፍ፤ ወላጅ ሲጽፍ ያስታውቃል።

«ኧርሊ ዲሲዥን»፣ ማለትም ካለፍኩ እገባለሁ ብሎ ፈርሞ ለአንድ ኮሌጅ ቀድሞ ማመልከት፣ ትልቁ የፍላጎት ምልክት ነው፤ የብዙዎቹ ቀነ ገደብ ኖቬምበር 1 ነው። ልጁ ካለፈ መግባት ግዴታ ስለሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የኮሌጁን ወጪ በድረ ገጹ ማስያ አስሉ።

ላፕቶፕና የኮሌጆቹን ዝርዝር ይዛችሁ ኑ። ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው።