ፊውዜ፣ እናትህ ደውለውልኝ ነው

ፊውዜ፣

ሰላም ነህ ወይ? አዎ፣ እኔ ነኝ። ጠፋህ በለኝ፣ ስደበኝ፣ መብትህ ነው። አንተም ብትሆን ብዙ አልጻፍክም፤ እሱን ግን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ይቅርታ። በቃ፣ ይሄን ጨረስን።

እናትህ ደውለውልኝ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስማቸው ስልኬ ላይ ሲመጣ ክው ነው ያልኩት። ደህና ናቸው፣ አትደንግጥ። የሞተው ፍሪጁ ነው። "እሱ እንዳይሰማ፣ ይጨነቃል፣ ማልልኝ" አሉኝ። አልማልኩም፣ ዝም ነው ያልኩት። ስለዚህ ነገርኩህ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ገርጂ ሄድኩ። ሰፈሩን አታውቀውም። ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ላይ አፓርታማ ቆሟል። እማማ ቡና ሊያፈሉልኝ ጀበናውን የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጣዱ፤ ወሬያችንን ጨረስን፣ የአንተን ትዳር ጉዳይ ሁለቴ አነሳን (አዎ፣ አንስተናል)፣ ጀበናው ግን ወይ ፍንክች። ሜትሬን አውጥቼ ሶኬቱ ላይ ሰካሁ። 164 ቮልት! 220 መሆን የነበረበት። በዚህ ቮልቴጅ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑም ይሠራል፣ ስለዚህ ሰዉ "መብራት አለ" ይላል። የፍሪጅ ሞተር ግን ለመነሳት አቅም ያንሰዋል። ይታገላል፣ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ይቃጠላል። የእናትህም የሄደው እንዲሁ ነው።

እማማ ደግሞ አዩኝና "ግድቡ አልቋል አይደል እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

ምን ልበላቸው? አልቋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት። ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ በ500 ኪሎ ቮልት ሆለታ ድረስ ይመጣል፣ በየማከፋፈያ ጣቢያው እየተቀነሰ 15 ኪሎ ቮልት ሆኖ ሰፈር ይገባል፣ ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ 400 ቮልት ያደርገዋል (በሽቦዎቹ መካከል ማለቴ ነው፤ ቤት የሚገባው ያው 220 ነው)። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ እናንተ ሰፈር ሲደርስ የሚታነቀው መጨረሻዋ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ነው። ይሄን ለእማማ ማስረዳት ፈተና ነው። "ትራንስፎርመሩ ነው" አልኳቸውና ተገላገልኩ። አሁን ሳስበው እሱም ልክ አልነበረም።

ለአንተ ግን በደንብ ልንገርህ፣ ይገባሃልና።

የሰፈሩ ትራንስፎርመር የመሸከም አቅሙ 200 ኬቪኤ ነው። የተሰቀለው ግቢዎቹንና የግቢዎቹን ምጣድ ታሳቢ አድርጎ ነው። አንድ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይበላል፤ ግን ሰው በሳምንት ሁለቴ ነው የሚጋግረው፣ ሁሉም ባንዴ አይጋግርም። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የለ? አሁን በየግቢው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቤት የሚገጠመው ቻርጀር 7 ኪሎዋት ነው። ሁለት ምጣድ በለው፤ ማታ ተጥዶ ሌሊቱን ሙሉ የማይወርድ ሁለት ምጣድ።

ክላምፕ ሜትሬን (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካውን) ይዤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ትራንስፎርመሩ ጋ ሄድኩ። ከሦስቱ ፌዞች፣ ማለትም ኃይሉን ለሰፈሩ ከሚያከፋፍሉት ሦስት መስመሮች፣ አንዱ 345 አምፔር ተሸክሟል። ሌላው 140። ሦስተኛው 110። አፓርታማው ላይ ቻርጀሮቹን የገጠመው ኤሌክትሪሺያን መንገድ ሲያሳጥር ሁሉንም አንድ ፌዝ ላይ ሰክቷቸው ሄዷል። የእናትህም ቤት እዚያው ፌዝ ላይ ነው፣ ያውም የመስመሩ ጫፍ። አሁን አንተ ወረቀት ሳታወጣ ደምረኸዋል፣ አውቅሃለሁ፦ ትራንስፎርመሩ በአንድ ፌዝ የሚችለው 290 ገደማ ነው፣ በሦስቱ 870። እየተጠቀምን ያለነው 595። ከአቅሙ ሲሶው ተርፎ ተቀምጧል! አንዱ ፌዝ ሲጠበስ ሁለቱ ተዝናንተዋል።

ያ 345 ታዲያ ለምን ፊውዝ አልቆረጠም ትለኝ ይሆናል። ፊውዝ የለማ። ሳጥኑን ስከፍተው ፊውዙ መግባት በነበረበት ቦታ ጣት የሚያክል የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ማን እንደጠመጠመው አይታወቅም፣ ሁሉም ሰው "እኔ ስመጣም እንዲህ ነበር" ነው የሚለው። ሽቦው ጥቁር ብሏል፣ አጠገቡ ያለው የኬብሉ ልባስ እንደ ማስቲካ ተለጥጧል። አንተ ከሄድክ ሰፈሩ ፊውዝ የለውም ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰፈሩ ኮሚቴ አቋቁሟል። ትልቅ ትራንስፎርመር ይገዛ ተብሎ መዋጮ እየተሰበሰበ ነው። እናትህም አንተን ሊጠይቁ ነው፣ አፍረው ነው እስካሁን ያቆዩት። እንዳትልክ። እኔ ነኝ ያልኩህ። ትልቅ ትራንስፎርመር ብንሰቅል እንኳ ያው አንድ ፌዝ ላይ የተንጠለጠለው ጭነት ኬብሉን ይጠብሰዋል፣ እናትህ ጋም ቮልቴጁ ያው ነው። መጀመሪያ ቻርጀሮቹንና የተወሰኑ ቤቶችን ወደ ሌሎቹ ሁለት ፌዞች ማዛወር ነው። ግማሽ ቀን መስመር ማጥፋት፣ አንድ መኪና፣ ሦስት ሰው። በየፌዙ 200 አካባቢ ይሆናል። ይሄን ስነግራቸው አንድ ሽማግሌ "የመብራት መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ሁልጊዜ ነገር ማጓተት ይወዳል" አሉኝ። ሳቅሁ። ምን ይደረግ፣ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም።

ፈቃዱን ለማስጨረስ እየሮጥኩ ነው። ከፋሲካ በፊት ካላለቀ ጉድ ነው፤ የበዓል ዋዜማ ምጣዱ ሁሉ ባንዴ ይጣዳል፣ መኪናዎቹም አሉ።

እና የአንተን እርዳታ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ላለው ነው። ማመጣጠኑ ጊዜ ይገዛልናል እንጂ መኪናው መምጣቱን አያቆምም። እናንተ ጋ ጀርመን ከፈረንጆቹ 2024 ጀምሮ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ቻርጀርም ሆነ የሙቀት ፓምፕ (ቤት የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ማሽን) "መስመሩ ሞልቷል" ብሎ መከልከል አይችልም፤ በምትኩ መስመሩ ሲጨናነቅ ለጊዜው እስከ 4.2 ኪሎዋት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፣ ደንበኛውም የኔትወርክ ክፍያ ይቀነስለታል። ልክ ነኝ? ሕጉን አንብቤዋለሁ፣ እኔ የምፈልገው ሜዳ ላይ ያለውን ነው። ትእዛዙ ቻርጀሩ ጋ በምን ይደርሳል? ስማርት ቆጣሪ (ከርቀት የሚነበበው) የሌለው ቤት ምን ታደርጉታላችሁ? የሰፈር ትራንስፎርመር መጨናነቁንስ የምታውቁት መለኪያ አስቀምጣችሁ ነው ወይስ እንደኛ አንዲት እናት ስትደውል? ለአለቆቼ ሁለት ገጽ ጽፌ ማቅረብ እፈልጋለሁ፣ የሠራ ሰው ቃል ከሌለበት ግን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገባው።

በነገራችን ላይ አሁንም የጋዝ መስመር ሥራ ላይ ነህ ወይስ ወደ ኤሌክትሪኩ ተመለስክ? ማንሃይም እስከ 2035 የጋዝ ኔትወርኩን ሊዘጋ አቅዷል የሚል አንብቤ ባንተ ሳቅሁብህ። አምስት ኪሎ ያንን ሁሉ ዓመት ኤሌክትሪክ ተምረህ ቱቦ ቀባሪ ሆንክ፣ አሁን ደግሞ ቱቦ ነቃይ ልትሆን ነው። ግን አስበው፣ እናንተ ማሞቂያውን ከጋዝ፣ እኛ መኪናውን ከቤንዚን፣ ሁለታችንም አምጥተን የምንጭነው እዚያችው የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ነው። የናንተ ልዩነት መብራት በዓመት በአማካይ 12 ደቂቃ ገደማ ብቻ መጥፋቱ ነው። ለእማማ ብነግራቸው "ታዲያ ሻማውን ሳላገኘው ሊመጣ ነው?" አሉ።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ... ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነበር። አንድ ቻርጀር የሚገጥም የግል ድርጅት ሥራ አቅርቦልኛል። ደሞዙ አሁን ከማገኘው እጥፍ በላይ ነው። ለሚስቴ እንኳ ገና አልነገርኳትም፤ ብነግራት መልሱን አውቀዋለሁ። ገርጂ ያየሁት ፌዝ እንዳለ ሆኖ ሄጄ ሌላ ሃምሳ ቻርጀር ልስቀል? ወይስ ቢያንስ እኔ ስሰቅለው በሦስቱ ፌዝ ላይ አከፋፍዬ እሰቅለዋለሁ ብዬ ራሴን ላሳምን? አታላግጥ፣ የምር ነው የምጠይቅህ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እፈልጋለሁ ብለውኛል።

ፍሪጅ አሁን እንዳትገዛላቸው። ቮልቴጁ ሳይስተካከል አዲሱም ይቃጠላል፣ ቅቤው ለጊዜው ጎረቤት ጋ ተቀምጧል። ፌዙን ካዛወርን በኋላ ማታ ሄጄ ለክቼ ቁጥሩን እልክልሃለሁ፣ ከ210 በላይ ካየህ ያኔ ግዛ። ሲደውሉልህም ምንም እንዳልሰማህ ሁን።

ለክረምት የምትመጣ ከሆነ ጭነቱን ለሳምንት የሚመዘግብ መለኪያ አለ አይደል፣ ሦስት ክላምፕ ያለው፣ አሮጌም ቢሆን ግድ የለኝም፣ እሱን ይዘህልኝ ና። ገንዘቡን እሰጥሃለሁ። ማለቴ፣ እንነጋገራለን።

ያው እኔ