ቅሬው ለቀብር ብቻ አይሁን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በሚያዝያ 2007 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ወንድሞቻችንን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ሲለቅ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። እኛም ደሴ ላይ እስላም ክርስቲያን ሳንል አለቀስን። የወሎ ሰው ለቅሶ ሲደርስ ሃይማኖት አይጠይቅም።

አሁንም የሚከነክነኝ ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ልጆቹ በረሃ የገቡት እንጀራ ፍለጋ ነው። ገዳዮቹም ከሰማይ አልወረዱም። መንግሥት በፈረሰበት አገር መሣሪያ እንደ ልብ አገኙ። ተስፋ የቆረጠ፣ ተዋረድኩ የሚል ወጣት ፈልገው ክብር ቃል ይገቡለታል፤ ጥላቻውን ሃይማኖት ያለብሱታል። ይህ ለግድያው ሰበብ አይሆንም፣ በፍጹም። ጎረቤትን በጥርጣሬ ማየት ግን የእነሱን ሥራ መሥራት ነው።

ቅሬያችን (የሰፈራችን እድር) ሥራ ያጣውን፣ ከደላላ ጋር የሚንሾካሾከውን ልጅ ቀድሞ ያናግር። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ይህንኑ ይዤ እቀርባለሁ።

አክባሪያችሁ፣ ከደሴ