ከጥይቱ በፊት የነበረው ሥራ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በተነሣ ቁጥር ብዕር ሁሉ ወደ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት ይሮጣል፤ ስድስት ኪሎ አጠገብ ወደተተኮሰበት ጥይት። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ መተኮሱም ሊነገር ይገባዋል። የተማሪ መሪ ኑሮ ግን በአብዛኛው አሰልቺ ሥራ ነው፤ ይህን የሚጽፍ የለም።

የጽሑፍ ማባዣውን ብቻ እንውሰድ። በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ የሬዲዮ ጣቢያ አልነበረውም፤ የነበረው ስቴንስል ነው፦ ጽሑፍ ተመትቶበት በማባዣ የሚባዛ፣ በሰም የተነከረ ወረቀት። በላዩ የሚመታው፣ የታይፑ ሪባን ከሥራ ውጭ ተደርጎ ነው፤ ፊደሉ ሰሙን ካልፈነቀለ ቀለም አያልፍም። አጥብቆ የሚመታ ታይፒስት እንደ «ዐ» እና «ወ» ያሉትን ክብ ፊደሎች ሆዳቸውን ቆርጦ ይጥላል፣ ሲባዛ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። እጁ የላላ ደግሞ የማይነበብ ወረቀት ይታቀፋል። ስሕተት በማረሚያ ፈሳሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ በላዩ እንደገና ይመታል። በጥንቃቄ የተያዘ ስቴንስል ብዙ መቶ ቅጂ ያወጣል፤ ሲጠመጠም ከተሸበሸበ ግን ይቀደዳል፣ ሥራው ሁሉ ከሀ። የአንዲት ፊደል ስባሪም ወረቀቱ በየትኛው ታይፕ እንደተመታ ታሳብቃለች፤ ለፖሊስ ከዚህ የተሻለ ጠቋሚ አልነበረም።

የምርጫውም ነገር ይረሳል። ጥላሁን የኅብረቱ ፕሬዚዳንት የሆነው በድምፅ ነው፤ ቀደም ሲል ተወዳድሮ ተሸንፎ ነበር።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ